እንሰቴ በቆላ ፀሐይ

ሰኞ፣ መጋቢት 1፣ ማታ

እስክርቢቶ የያዘችው የልጄ ልጅ ትዕግስት ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አፌ ግን ይበቃል። ስማ ደብተር፣ ዛሬም ከሴቻ ሰፈር ወደ ካምፓስ ወርጃለሁ። ያስጠሩኝ የትዕግስት መምህርት ናቸው። መሬትን ሳይጎዱ መኖር የሚባል ትምህርት ያስተምራሉ። ከተማሪ ምግብ ቤቱ ጀርባ ቦታ ተሰጥቷቸዋል። ትራፊው በስብሶ አፈሩን ያደልባል፣ በላዩ እንሰት ተክለናል። ችግኙን ከደጋው ከዶርዜ በአይሱዙ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ዙሪያውን ሙዝ ነው፣ ጥላው ከባድ። የሙዙን ቅጠል አስቆረጥኩት። ሰላም የምትባል ተማሪ፣ የምዕራብ ዓባያ ሙዝ ገበሬ ልጅ፣ ይተው አባባ አለችኝ። አንቺ ሙዝሽን ጠብቂ አልኳት። ተሳቀ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

እንሰቱ ጠወለገ። የቅጠሉ ጠርዝ የተጠበሰ ይመስላል። ውሃ አስጨመርኩ፣ ምንም። የኮሌጁ ዲን መጥተው አዩ። በሁለት ሳምንት ካላቆጠቆጠ ቦታው መኪና ማቆሚያ ይሆናል ብለው ሄዱ። የልጆቹ የዓመት ልፋት አስፋልት ሊለብስ ነው። እራት አልበላሁም። ይህን አትጻፊ ብላት ጻፈችው።

ዓርብ፣ ጠዋት

ገባኝ። እኛ ደጋው ላይ ጉም ነው። ፀሐይ ብርቅ ናት፣ ለእንሰት መንገድ እንከፍትላታለን። እዚህ ዓባያ ሐይቅ ዳር ፀሐይዋ ሌላ ናት፤ ትጠብሳለች። ሰላም በመጀመሪያው ቀን ይተው ብላኝ ነበር። ወደ እሷ ሄድኩ። ይቅርታ አላልኩም፤ ሙዝሽን አምጪ ብቻ አልኳት።

«የቱን አባባ? ያስቆረጡትን?»

ምላስ አላት። ወደድኳት።

ዓርብ፣ ማታ

ቀርከሃ አቁመን የሙዝ ቅጠል አለበስነው። ጎባጣ፣ አፍንጫው እንደ ዝሆን ወደ ፊት። ቤት ሠሪ ነኝ፣ እጄ ሌላ አያውቅም፤ ግድግዳ የሌለው የዶርዜ ቤት ወጣ። ተማሪው ሁሉ እየመጣ ፎቶ ይነሳል። የሰላም ሐሳብ ነው፣ ቤቱ ግን የኔ ነው። ሁለቱንም ጻፊ።

ሰኞ፣ መጋቢት 15

አወጣ! አዲስ ቅጠል፣ እንደ ነጠላ ተጠቅልሎ፣ አረንጓዴ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። የምግብ ቤት ሴቶች እልል አሉ። መምህርቷ አለቀሱ፣ ሳቁ፣ እንደገና አለቀሱ። ዲኑ ጎንበስ ብለው ጥላው ስር ገቡ። ቀዝቃዛ ነው አሉ። መኪናዎ እግር አለው፣ ራቅ ብሎ ይቁም አልኳቸው። ሳቁ። ቦታው የእኛ ነው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 17

ከላይ ከዶርዜ ልጄ ደውሎ ና ይለኛል። አልሄድም። መምህርቷ ክፍል ገብተው ያስተምሩ ብለውኛል። ብቻዬን አልገባም። ስለ ፀሐይ ሰላም ትናገራለች፣ ስለ እንሰት እኔ። ስላስቆረጥኩት ቅጠልም ራሴው እናገራለሁ፤ ሌላ ሰው ካወራው ያበላሸዋል።

በቃ። አሁን አንቺ ልጅ፣ ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። እራት ያልበላሁበትንም እንዳትዘልዪ።