እማዬ ለማርያም የሰጠችው ቀብድ

ለምወድህ ወንድሜ ለሚሳኤል፤

እንደምን ሰነበትህ? ጤናህስ? የሮም ብርድ ያንን ጉንፋንህን ቀሰቀሰብህ ወይስ ዘንድሮ ማረህ? ሜሪስ እንዴት ናት፣ ወገቧን ተሻላት? ኢያቄም ትምህርት ቤት ገባ? አማርኛውን እንዳታስረሱት አደራ፤ ሲመጣ በአክስቱ ላይ የሚያሾፍበት ቋንቋ ያስፈልገዋል። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በጤና አለን። ናፍቆትህን ለመድነው ብል ግን እዋሻለሁ፤ እማዬ ዛሬም ምሳ ስታቀርብ ያንተን ቦታ ትታ ነው የምትቀመጠው።

የታላቅ ወንድማችንን የጋሼን ነገር ከሥሩ ጻፊልኝ ብለኸኝ ነበር። በስልክ ስንነጋገር ሒሳቡ ቆጠረ እያልክ ታጣድፈኛለህ፤ እዚህ ግን የሚያጣድፈኝ የለምና ልንገርህ።

አንተ ስትሄድ ጋሼ ቦጋለን የተውከው በረንዳችን ላይ በአንዲት የልብስ ስፌት መኪና የተማሪ ዩኒፎርም ሲሰፋ ነው። ከዚያ በፊት መርካቶ ጨርቅ ተሸክሞ ሲዞር የነበረውን ታስታውሳለህ። በማታ ትምህርት ኢኮኖሚክስ ጨረሰ፤ መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ ክር ያቀብለው ከነበረው ከኑሪ ጋር ተሻርከው ወደ ፉሪ በኩል የልብስ ፋብሪካ ከፈቱ። ጸባዩን ታውቀዋለህ፤ ከማንም ጋር ሲዋዋል ሳይጠየቅ ቀብድ ይሰጣል። «ቀብድ የተቀበለ ሰው ያፍራል» ይላል። እውነቱን ነው፣ ያ በቀጠሮ የማይታወቀው አናጢያችን እንኳ ለእሱ ሲሆን ቀን አያሳልፍም። በኋላ ነጋዴዎቹ ሊቀ መንበራቸው አደረጉት። በአንድ ትልቅ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ባለሥልጣኖቹን፣ «ግብሩን እንከፍላለን፤ ግን ስንት እንደሆነ ዓመቱ ሳይጀመር ንገሩን» አላቸው። አሁንስ ይታሰራል ብለን ስንጠብቅ የገንዘብ ሚኒስትር አድርገው ሾሙት! እሱም ባለሥልጣን ሆኜ አልነግድም ብሎ ፋብሪካውን ለኑሪ ትቶለት ወጣ።

ሹመቱን የሰማነው እንደ ማንም ሰው በሬዲዮ ነው። እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ስሙ ሲጠራ ቢላዋዋን አስቀምጣ ሬዲዮኑን ዘጋችው። እልል ልል አፌን የከፈትኩት እኔ እንደከፈትኩ ቀረሁ።

አጎታችንን እንግዳን አንተ ትንሽ ስለነበርክ ላታስታውሰው ትችላለህ። የእማዬ ታላቅ ወንድም ነው። በንጉሡ ጊዜ ሲሾም ጉልበቷን ሳይሆን ግንባሯን ስሞ፣ እሷም መርቃ ሸኘችው። አብዮቱ ሲመጣ ከቢሮው ወሰዱት፤ ሬሳውን እንኳ አላገኘንም። እማዬ እስከ ዛሬ «በእኔ ምርቃት ሄዶ ቀረ» ትላለች። ስለዚህ ጋሼ በተሾመ ዕለት መጥቶ እግሯ ሥር ጎንበስ ሲል እጇን ሰበሰበች። «አንተን እወድሃለሁ፤ ሹመትህን ግን አልመርቅም። ተወው» አለችው። እሺ ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ አላት። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ይመጣል፣ ታበላዋለች፣ ሳትመርቀው ይወጣል። አገር የሚፈራው ሰውዬ ከእኛ በር ሲወጣ አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

እንግዲህ ጉዱን ስማ። ለማርያም ንግሥ እማዬ የከፋይ ጃንጥላ ገዝታ ይዛ ሄደች። ስለት የሚገባው ልመናው ከሠመረ በኋላ እንደሆነ አንተም እኔም እናውቃለን። እሷ ግን ለካ አስቀድማ ልትሰጥ ነው! በኋላ ስጠይቃት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ወንድምሽ ለሰው ሁሉ ቀብድ ይሰጥ የለ? እኔም ለእመቤቴ ሰጠኋት፤ ታፍርብኛለች።»

ስለት ተቀባዩ ምን ተስለው ነው ሲላት፣ ልጄን ከሹመቱ በሰላም እንድታወርድልኝ ነው አለችው። ሰውየው የደረሰላት መስሎት በድምፅ ማጉያው፣ «ወይዘሮ አፀደ፣ ልጃቸው አቶ ቦጋለ ከሚኒስትርነታቸው በሰላም ስለወረዱላቸው ይህን ጃንጥላ ለእመቤታችን አምጥተዋል፤ እልል በሉ!» ብሎ ለቀቀው። ሕዝቡ አቀለጠው። ጋሼ ነጠላውን አጣፍቶ ከወንዶቹ መካከል ቆሟል። ከጎኑ የማይለየው ጠባቂው ጋሼን አየው፣ ጋሼም ጠባቂውን አየው። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ወሬው ነፋስ ስልክ ከእኛ ቀድሞ ገባ። ጋሼ ያን ቀን የዋለው እማዬ ዘንድ ነው። የእሑድ እሑዱ ደጅ ጠኚ፣ ዘመድ ነኝ ባዩ ሁሉ አንድም ሰው ዝር አላለም። የመጡት ኑሪና ሚስቱ ሐሚዳ ብቻ ናቸው። ኑሪ እንዳለከለከ ገብቶ የፋብሪካውን ቁልፍ ጋሼ መዳፍ ላይ አስቀመጠና፣ «ወንበርህን ማንንም አላስቀመጥኩበትም፤ ነገ ጠዋት ና» አለው። ጋሼ ዕንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ኑሪ፣ አልወረድኩም እኮ!» ሲለው ኑሪ ቅር ብሎት፣ «እንግዲያው ቁልፌን መልስ» አለው።

እነሱ ከሄዱ በኋላ ጋሼ እማዬ አጠገብ ተቀመጠ። ይቆጣታል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣትም። «እማዬ፣ መውረዱን ዛሬ አየሁት። ኑሪ ቁልፍ አመጣልኝ፣ አንቺ ምሳ አበላሽኝ። ሲያበቃ የምገባበት ቤት አለኝ፤ አትፍሪ» አላት። እሷም ቀስ ብላ፣ «እንግዳም የሚገባበት ቤት ነበረው። አልለቀቁትም እንጂ» አለችው።

ያን ዕለት እኛው ዘንድ አደረ። ጠዋት መኪናው መጥቶ በራችን ላይ ሲቆም እማዬ ጋቢዋን ደርባ ወጣችና «ና ወዲህ» አለችው። ሚኒስትሩ ጎንበስ አለ። ሁለት እጇን ራሱ ላይ ጫነች። «የዛሬን ቀን በሰላም አውሎ ያግባህ» አለችው። ጋሼ ይጠብቃል፤ እሷ እጇን አነሳች። «የነገውስ?» ቢላት፣ «የነገውን ነገ መጥተህ ተቀበል» አለችው።

ይኸው በየጠዋቱ ወደ ቢሮ ከመሄዱ በፊት ያ ጥቁር መኪና የሰፈራችንን ጭቃ እያቦካ ይመጣል። ባለፈው ለስብሰባ ውጭ አገር ሲሄድ የሳምንቱን አንድ ላይ ስጪኝ ብሎ ቢለምናት ወይ ፍንክች! ከሄደበት በየጠዋቱ እየደወለ ተቀበለ። ማታም ቤቱ ሲገባ ይደውልላታል፤ ሳይደውል እህል አትቀምስም።

አንተን ግን «እስኪመጣ ያለውን ዕድሜ ሁሉ አንድ ላይ መርቄዋለሁ በይው» ብላለች። ሜሪን ጉንጮቿን ሳምልኝ። ኢያቄምን አክስትህ ፀሐይወርቅ ናፈቀችህ በለው። ኑሪና ሐሚዳ እጅግ ሰላም ብለውሃል። ጋሼም ሰላም ብሎሃል፤ ክቡር ሚኒስትር ብለህ እንዳትጽፍለት፣ ይከፋዋል።

ይህን ስጽፍ መሽቷል፤ ጋሼ ዛሬ ዘግይቷል። እማዬ ምግቡን ከድና ስልኩ አጠገብ ተቀምጣለች፤ እኔን መጻፍሽን ቀጥይ እያለች እሷ ግን ዓይኗን ከስልኩ አላነሳችም።

አሁን ጮኸ። እሱ ነው፤ ገብቷል። እራት ልንበላ ነው።

እህትህ ፀሐይወርቅ
ነፋስ ስልክ፣ አዲስ አበባ
ጥር 9 ቀን 1989 ዓ.ም.