ሰላምታ የበዛበት ታሪክ

ይድረስ ለልጄ ለአርያም፤ ቂርቆስ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅሽ። እንዴት ነሽ? ብርዱስ? እንቅልፍሽስ? አብራሽ የምትኖረው ልጅስ ደህና ናት?

ከካዛንቺስ ተነስቼ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህ በሬን የሚያንኳኳ የለም። ብቸኝነቱ ሲብስብኝ ቂርቆስ ሰፈር እየተመላለስኩ አጭር ልቦለድ መጻፍ መማር ጀመርኩ። መጀመሪያ የጻፍኩት ጎረቤቷን ልትጠይቅ ስለሄደች ሴትዮ ነው። አስተማሪያችን አነበበና «እማማ ተናኘ፣ ሁለት ገጽ ሙሉ ሰላምታ ነው እኮ! እሱን ይሰርዙትና ወደ ታሪኩ ይግቡ» አለኝ። ተናደድኩ። ሰው ሳይጠያየቅ ወሬ ይጀምራል እንዴ? ቤት ገብቼ ግን ሰረዝኩት። ሴትዮዋ በሩ ላይ ብቻዋን ቆማ ቀረች።

ሥራ እንደሚበዛብሽ አውቃለሁ፤ እሱ ያበርታሽ፣ ለወግ ማዕረግ ያብቃሽ። ስትደውዪ ግን «ደህና ነሽ እማ? በቃ ቻው» አትበይኝ። እስቲ አንድ ቀን ጉልበቴን እንኳ ጠይቂኝ።

እናትሽ ተናኘወርቅ