ናሆም አንገት ላይ ያለው ድልድይሽ

እታለሜ፣ ነፍስሽ ባለችበት ሰላም ይብዛልሽ። ከተለየሽን ሁለተኛው መስከረም ጠባ።

ቤቱ ያው ነው። አባባ አሁንም ሬዲዮኑን በጥፊ ነው የሚያሠራው፤ መሐንዲስ የወጣበት ቤት ነው ቢባል ማን ያምናል? ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ሕፃናት የማስተምረው እኔ ሆኛለሁ፣ ለመመረቂያሽ በሠራሻት የስልክ ጨዋታ። ስልኩን አንቺ በሳልሻት ካርድ ላይ ስንደግን በስልኩ መስታወት ውስጥ ጠረጴዛችን ላይ የሌለ ድልድይ ይቆማል፤ ልጆቹ ምሶሶውን ያቀጥኑና የጭነት መኪና ነድተውበት ያፈርሱታል። ከልጆቹ የአንዱ፣ የናሆም አያት እማማ ስንዱ ዛሬም ስልኩን ገልብጠው ድልድዩን ከኋላ ይፈልጉታል።

ትዝ ይልሻል፣ ከደጀን ወደ ዓባይ ስንወርድ አውቶቡሱ ሙሉ ሲያማትብ አንቺ በመስኮት ተንጠልጥለሽ ምሶሶ ስታዪ? እኔ እንዳንቺ አይደለሁም። ልጆቹ ከሚጠይቁኝ ግማሹን አላውቀውም። ደክሞኛል እታለሜ።

ደግሞ ሰኔ ላይ ካርዷ ጠፋች። ሌላ አልሳልሽም። እኔ አስመስዬ ብስላት ስልኩ ዞር ብሎም አላያት። ለካ ናሆም ወደ ቤቱ ይዟት ሄዶ ኖሯል! ሲቃዥ የከረመው ልጅ በሰላም ተኝቶ አደረ። እማማ ስንዱም "ድልድይ የሚነሣባት ወረቀትማ ክታብ ናት" ብለው በቆዳ አሰፍተው አንገቱ ላይ አሰሩለት።

ይመልሱልኝ ብላቸው "ልጄ ተኝቶልኛል፤ አንቺ ጨዋታ አማረሽ!" ብለው አባረሩኝ። ለንስሐ አባታችን ከሰስኩ። አባ "ክታብ ነውር ነው!" ብለው ተቆጡ፤ የራሳቸው ክታብ ግን ከአንገታቸው ሥር ብቅ ብሎ ያዳምጥ ነበር። ብቻ አስታረቁን። ቆዳው ተፈታና ካርዷን ፎቶ ኮፒ ቤት ወሰድኳት።

ኮፒውን ለእማማ ስንዱ ሰጥቼ፣ አንቺ የሳልሻትን ለራሴ ላስቀር ነበር ሐሳቤ። ከእጅሽ ሥራ የቀረችኝ እሷው ናት። እማማ ግን "ኮፒ አያድንም" አሉ። ልስቅ ስል ናሆምን አየሁት፤ ባዶ አንገቱን በእጁ ይዞ ቆሟል። ያንቺኑ ሰጠሁት።

ድልድዩ በኮፒዋም ቆመ። ባለፈው ቅዳሜ አፈረሱትና "አንተ ነህ! አንቺ ነሽ!" ሲባባሉ ናሆም "ማን አፈረሰው አይባልም፣ የቱ ጋ ጀመረ ነው የሚባለው" ብሎ ተቆጣቸው። እኔ አላስተማርኩትም። ካንቺ የያዘው ነው።

ሲያድግ ክሩ ያጥረውና ይፈታዋል። ያን ቀን ክታቡ ውስጥ ያለችውን ካርድ ማን እንደሳላት የምነግረው እኔ ነኝ። እስከዚያ ቢደክመኝም ቅዳሜሽን አልዘጋም።

ታናሽሽ