የፏፏቴው መጋረጃ

ማክሰኞ፣ የካቲት 14 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ሞያሌ

ቅዳሜ እኛ ሰፈር ማንያታ የተነሳውን እሳት ያጠፉት ሴቶች ዛሬ ፎቶ ቤቴ መጡ። የጠራኋቸው እኔ ነኝ፤ የእሳት አደጋ መኪና በሌለበት ከተማ ማን እንዳዳነን የሚመሰክር ፎቶ ይኑር ብዬ። አዲስ ሻሻቸውን አስረው ፏፏቴ ከተሳለበት መጋረጃዬ ፊት ተደረደሩ። ላነሳቸው ስል ከሁሉም ታላቅ የሆኑት ማማ ሐዎ እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ይሄን ውሃ አንሳልን። እኛ በአሸዋ ነው ያጠፋነው። ነገ ያየው ሰው ውሃ ነበራቸው ይላል።»

ተናደድኩ። መጋረጃውን የሰቀልኩት በእሳቱ የጠቆረውን ግድግዳዬን ደንበኛ እንዳያይብኝ ነው። ቢሆንም አወረድኩት።

ማማ ሐዎ ጥቁሩን በመዳፋቸው ዳሰሱና አዲስ ልብሳቸውን ጥላሸት ይነካዋል ሳይሉ ተደግፈውት ቆሙ።

«ቅዳሜም እዚሁ ጋ ነበርኩ» አሉ። «በል፣ አሁን አንሳን።»