ቀብድሽ ተመልሷል

ለልጄ ልጅ፣ ለዚያች ዓይነ ትልቅ፣

ከባሕር ማዶ ያለው ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? ጤናሽስ? እኔ ጥርስ ከማጣቴ በቀር ምንም አልሆንኩም። እናትሽም ደኅና ናት፤ ድምፅዋ ዛሬም ከሰቆጣ እስከ ደሃና ይሰማል።

አሁን ቁጭ ብለሽ አንብቢ፤ ከባድ ዜና ነው። ቀዩ አውራ ዶሮ ከጎረቤታችን ከሰጠኝ ዶሮ ጋር ገጥሞ አንድ ዓይኑን አጣ። ቤተሰቡ በሙሉ በጥልቅ ሐዘን ላይ ይገኛል። ሁለተኛው ዜና ቀላል ነው፤ አንቺ ሞተሻል።

አትደንግጪ፣ ጥፋቱ የራስሽ ነው። ማዳሟ ስልኬን ቀማችኝ፣ ልገዛው የነበረው ቤት ይቅርብኝ፣ ቀብዱን አስመልሱና በእሱ አስመጡኝ ብለሽ በሰው የላክሽው አንቺ ነሽ። እኔም ያን ባለ ቆርቆሮ ቤት የሸጠልንን ደግሰውን ሄጄ ለመንኩት። ሳቀብኝ። አያ፣ ስለ እሷ ሆነው የፈረሙት እርስዎ ነዎት፤ ገዢ ካፈረሰ ቀብዱ የሻጭ ነው፤ ይህን ውል የሚያፈርሰው ሞት ብቻ ነው አለኝ። መንገዱን አሳየኝ ማለት አይደል?

ሽማግሌዎቹ ጋ ሄጄ፣ ከዓረብ አገር የተመለሰ ሰው መሞቷን ነገረኝ አልኳቸው። መርዶ ጎህ ሲቀድ አይደል የሚነገረው፤ በማግሥቱ ደጄን አንኳኩተው የእኔኑ ወሬ ለእኔው አረዱኝ። አወዳደቄን ብታዪ! ሁለት ጎረምሳ ነው ያነሣኝ። አልቃሿ ደግሞ የቁመትሽን ማማር አነሣች፤ የአንቺን፣ የድንኳን ካስማ የማታክዪውን! ሳቄን በጋቢዬ ዋጥኩት።

ለእናትሽ አልነገርኳትም። እሷ የውሸት ለቅሶ የት ታውቃለች? ፀጉሯን ተላጨች፣ ፊቷን ነጨች፤ ያያት ሁሉ አመነ። እውነት ለመናገር ያለ እሷ ነገሩ አይሳካም ነበር። እህል አልቀምስም፣ ውኃም አልፈልግም ስትል፣ ነገ ደግሰው ይመጣል፣ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ አሳደርኩት። ያ ስስታም ዘገየ።

በመጨረሻ መጣ። የሞተች ልጅ ቀብድ በላ እንዳይባል፣ ለቀስተኛው ሁሉ እያየ ገንዘቡን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠና ለተዝካሯ ይሁን አለ። ውሉንም ቀደደው። እኔ እያነከስኩ ወደ ጓዳ ሮጥኩ። በእናትሽ ጆሮ፣ ልጅሽ አለች፣ ተነሺ፣ ቀልድ ነው አልኳት። ደጋግሜ አልኳት።

ገንዘቡ እንዳለ አለ፤ ትኬትሽን ቆርጬ አስመጣሻለሁ። ይህን ደብዳቤ ላንቺ መሆኑን ሳታውቅ የያዘችልሽ ልጅ ፊትሽን ስታይ ጮኻ ብትሮጥ አትቀየሚያት። ደግሰውማ ሲያይሽ ዝቋላ ድረስ ሳያቆም ይሸሻል፤ እሱን ሳላይ አልሞትም። ድንኳኑን አላፈረስነውም፤ እንደተተከለ ጠቀመን።

የምትረግጪው ሁሉ ይለስልስልሽ። ክፉ ዓይን አይይሽ፣ ክፉ እጅ አይንካሽ። ጉልበቴን ለመሳም ያብቃሽ።

አያትሽ

ልጄ፣ አንድ ነገር ፈጥሬብሻለሁ። ዶሮው በእርግጥ አንድ ዓይና ሆኗል፤ ቀብዱም ትራሴ ሥር ነው። የፈጠርኩት ሰላምታው ላይ ነው፤ ከጥርሴ ቀጥሎ ስለ እናትሽ የጻፍኩትን።