ረሂማ በየቀኑ የምትልክልን ሥራ

ኮምቦልቻ፣ ጥቅምት 2010 ዓ.ም.

ውድ ረሂማ፣

ይህን ወረቀት እህትሽ ዊዳድ ታመጣልሻለች። እናትሽ ስልክ እንዳልደውልልሽ ለምነውኛልና በእጄ መጻፌ ለዚያ ነው። ነገ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። በተማርነው ሙያ ሥራ አግኝቻለሁ። ይህን ከሌላ ሰው አፍ እንድትሰሚው አልፈለግሁም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከትናንት ጀምሮ ልብሴን እያጣጠፍኩ አለቅሳለሁ። እማዬ "ጌታ የሰጠሽን በእንባ ነው እንዴ የምትቀበይው?" ትለኛለች። ምን ብዬ ላስረዳት? ይህ ሥራ የሁለታችን ነበር።

ተመርቀን ደሴ ክፍል የተከራየን ጊዜ ትዝ ይለኛል። ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር ቆመን የምናነበው ሁሉ "የሥራ ልምድ ያለው" ይላል። ክላውድ የሚባለውን ነገር ያመጣሽው አንቺ ነሽ። "ሌላ አገር የተቀመጠ ኮምፒውተር በኢንተርኔት ትከራዪና እዚህ ቁጭ ብለሽ ትሠሪበታለሽ። ከለመድነው ደሴ ሁኚ ዱባይ ማን ይጠይቅሻል?" አልሽኝ። ደሴ ፒያሳ፣ የምንይሉ ኢንተርኔት ቤት ገብተን የትምህርቱን ቪዲዮ ከፈትን። ቪዲዮው ይዞራል፣ ይዞራል፣ ከዚያ መብራት ይጠፋል። እኔ ቶሎ ተስፋ ቆረጥኩ።

አንቺ ግን አንድ ጠዋት ሻይሽን ሳትጨርሺ ተነሳሽ። "ትልቁን ትምህርት እንተወው ሀሴት። በየቀኑ አንዲት ትንሽ ሥራ እንሥራ፤ የምንይሉ ደንበኞች ሳይመጡ የምታልቅ። ሳያልቅ የሚያድር ነገር አንጀምርም።"

መመዝገቢያው የባንክ ካርድ ሲጠይቀን ናይሮቢ ያለው አጎቴ አሞጽ በራሱ ካርድ ከፈተልን። ኪራዩ በሰዓት ከእሱ ካርድ ይቆረጣል፤ ለዚህ ነው የተከራየነውን ኮምፒውተር ማጥፋታችንን በዓይንሽ ሳታዪ ከወንበር የማታስነሺኝ። አንድ ቀን የአገርሽን የቢስቲማን ገበያ ዋጋ የሚያሳይ ገጽ ሠራን። ወዲያው አባትሽ ጋ ደወልሽ።

"አባባ፣ የማሾውን ዋጋ ጻፍኩት! አሜሪካ ያለ ሰው ሁሉ ያየዋል።"

"አሜሪካ ያለ ሰው የኛን ማሾ ምን ሊያደርገው?" አሉ አባባ ሰይድ፣ ድምፃቸው ከስልኩ ውጪ እየተሰማ። ምንይሉ ሳይቀር ሳቀ።

ሌላ ቀን የቤተ ክርስቲያናችንን መዘምራን መዝሙር እዚያው ሩቅ አገር ያለው ኮምፒውተር ላይ ማስቀመጥ ተለማመድን። ማዳመጫውን ጆሮሽ ላይ አድርገሽ ሰማሽና "ያንቺ ድምፅ የቱ ነው?" አልሽኝ። ስነግርሽ መልሰሽ አጫወትሽው። አንዳንድ ቀን ደግሞ ዓይኔን አስጨፍነሽ የሠራነውን ታበላሺና "በይ አሁን መልሺው" ትያለሽ። እኔ ስናደድ "አብሽሪ፣ ሲበላሽ ያልደነገጠ ነው ሥራ የሚያገኘው" ትይኛለሽ። እንደዚያ ቀን በቀን፣ ሳላውቀው ሰው አደረግሽኝ።

ከዚያ ዝናቡ ቀረ። በዚያ ዓመት ቢስቲማ ደርሰሽ ስትመለሺ ፊትሽ ሌላ ነበር። መጋረጃችንን አውርደሽ ማጠብ ጀመርሽ። ጂዳ ልትሄጂ እንደሆነ የነገርሽኝ መጋረጃውን እየጨመቅን ነው።

"ዲግሪ ይዘሽ የሰው ቤት ልትጠርጊ?" አልኩሽ።

"ማሽላው ደርቋል። በሬዎቹ ተሸጠዋል። እነአባባ ዲግሪዬን አይበሉት፣ ሀሴት።"

መናኸሪያ የሸኘሁሽ ቀን ብዙ ልልሽ ፈልጌ ነበር። አትሂጂ፣ ያለችኝን እንካፈላለን፣ እህቴ ነሽ ልልሽ ነበር። ግን ያለኝ ምን ነበር? ደላላው "ቶሎ ቶሎ" ይላል፤ አንቺ በመስኮት አንገትሽን አውጥተሽ "ወላሂ የቀኑን ሥራ አላቋርጥብሽም!" አልሽኝ። እኔ ሰው እንዳያየኝ በነጠላዬ ፊቴን ሸፈንኩ።

ቃልሽን ጠበቅሽ። እመቤትሽ ከምሳ በኋላ ስትተኛ ወጥ ቤት ሆነሽ የቀኑን ሥራ በድምፅ መልእክት ትልኪልኛለሽ። ውሃ ሲፈስ ይሰማል፤ ቧንቧውን የምትከፍቺው ድምፅሽ እንዳይሰማ እንደሆነ በኋላ ገባኝ። "ዛሬ አንዱ ኮምፒውተር ቢጠፋ ሌላው እንዲተካው አድርጉ" ትያለሽ፤ በሹክሹክታ አካሄዱን ትነግሪናለሽ። "አድርጉ" ያልሽው ሁዘይፋና አልታየች ስለተጨመሩ ነው። ሁለቱም እንደኛ ሥራ የፈቱ ተመራቂዎች ነበሩ። መልክሽን በፎቶ እንጂ አያውቁትም፤ ግን ጠዋት ሲገቡ ከሰላምታ በፊት "ረሂማ ዛሬ ምን አለች?" ነው የሚሉት። አንቺ ራስሽ ኮምፒውተር ከነካሽ ወራት አልፈው ነበር። ሁሉን በሐሳብሽ ሠርተሽ፣ የት እንደምንሳሳት ሳይቀር ቀድመሽ ትነግሪናለሽ።

በ2009 መግቢያ ላይ አገሩ ሲታወክ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። መልእክትሽ ቀረ። ብደውልልሽም ስልክሽ አይነሳም። ምንይሉ ቤት መስመር ባለ ቀን የድሮውን እየደጋገምን ቆየን። ኅዳር ውስጥ መስመሩ ሲከፈት ስልኬ እጄ ላይ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ መልእክት ዘነበበት። ሁሉም ያንቺ ነበር። እኛ እንደማንሰማሽ እያወቅሽ አንድም ቀን አላቋረጥሽም ነበር፣ ረሂማ።

አልታየች አለቀሰች። ሁዘይፋ "ከመጀመሪያው ጀምረን በቀን አንድ እንስማው፤ እሷ እንደላከችው" አለ። እኔ ግን አላስቻለኝም፤ ደህና መሆንሽን ለማወቅ የመጨረሻውን ከፈትኩት። ስለ ይለፍ ቃል ጥበቃ እያስረዳሽ ነበር። መሀል ላይ በር ተከፈተ፤ ሴት ጮኸች፤ አንቺ በአረብኛ አንድ ነገር አልሽ፤ ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ የለም። ያን ቀን ቢስቲማ ሄጄ ለአባባ ሰይድ ነገርኳቸው። ደላላውን ፈልገው አጡት። እኔም ጂዳ ዘመድ አለው የተባለውን ሁሉ ለመንኩ፤ ቤቱን የሚያውቅ አልተገኘም።

ከሁዘይፋና ከአልታየች ጋር ግን በቀን አንድ አንድ ሠራነው። ለመማር ብቻ እንዳይመስልሽ። ሥራው እስካለ ድረስ አንቺም ያለሽ ይመስለን ነበር። የመጨረሻዋን፣ ያላለቀችዋን፣ ማንም ሊጀምራት አልደፈረም።

በሳዑዲ የምሕረት አዋጅ ጊዜ ከተመለሱት ጋር መጣሽ ሲሉኝ በባዶ እግሬ ልሮጥ ምንም አልቀረኝ። ቢስቲማ ስደርስ ግድግዳውን ተደግፈሽ ተቀምጠሻል። ከስተሽ ነበር። ስልኬ ጮኸ፤ አንቺ በሁለት እጅሽ ራስሽን ሸፈንሽ። እናትሽ እትዬ ራቢያ "ልጄ፣ አፈር ስሆን አጥፊልኝ፤ ስልክ ስትሰማ እንዲህ ነው የምትሆነው" አሉኝ።

አጠፋሁት። አጠገብሽ ተቀመጥኩ።

"ምንም አትጠይቂኝ" አልሽኝ።

"አልጠይቅሽም።"

ቆይተሽ "ሥራ አገኘሽ?" አልሽኝ።

"ገና ነኝ።"

"ኢንሻአላህ ታገኛለሽ" ብለሽ ተነስተሽ ወደ ውስጥ ገባሽ። በሁለተኛው ጊዜ ስመጣ ጭራሽ አልወጣሽም። አልተቀየምኩሽም። ይህን እወቂልኝ።

ባለፈው ሳምንት አዲስ አበባ ለፈተና ጠሩኝ። ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ብዙ ጠየቁኝ፤ መለስኩ። በመጨረሻ አንዱ "ይህን የት ነው የተማርሽው?" አለኝ።

"ደሴ፣ ከጓደኛዬ" አልኩት።

"ማን ትባላለች?"

"ረሂማ ሰይድ።"

ስምሽን ጻፈው። "እሷንስ ብናገኛት ጥሩ ነበር። አሁን የት ነው የምትሠራው?"

"አገሯ ናት" አልኩ። ሰውየው ብዕሩን አስቀመጠ። ሥራውን እንደሰጡኝ የነገሩኝ እዚያው ነው። አመስግኜ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፤ ጥበቃው "እህት፣ አልተሳካም እንዴ? አይዞሽ" አለኝ።

ረሂማዬ፣ ወደ ኮምፒውተር ተመለሺ ልልሽ አይደለም የጻፍኩት። እዚያ ቤት የሆነውንም ንገሪኝ አልልሽም። ልትነግሪኝ የፈለግሽ ቀን ግን፣ ዕድሜዬን ሙሉ ቢወስድም፣ ቁጭ ብዬ እሰማሻለሁ። ፈቃድ ባገኘሁ ቁጥር ቢስቲማ እመጣለሁ። ባትወጪም ከእትዬ ራቢያ ጋር ማሾ ስለቅም ውዬ እመለሳለሁ። ደግሞ እመጣለሁ።

አላህ ይጠብቅሽ፣ በራስሽ አነጋገር። እኔም በራሴ እጸልይልሻለሁ።

እህትሽ ሀሴት