ጮክ ብዬ ያጠናሁት ትምህርት

የሺዬ፣

ከተለያየን ስምንት ወር ሊሞላን ነው። ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወደ ቆላ ወርደሽ ወባ ይዞሽ ከተመለስሽ ወዲህ ያለው ሁሉ ሕልም ሕልም ይለኛል። ደህና ነኝ ብዬ ልዋሽሽ አልችልም። እናትሽ ግን በርትተዋል። ቡሬ ያው ቡሬ ነው፤ በገበያ ቀን እህል የጫነ አህያ መንገዱን ይሞላዋል፣ የቀበሌው ስብሰባም እሑድን እንኳ አይምርም። ለተማሪዎችሽ ሌላ አስተማሪ መጥቶላቸዋል። እኔን ሲያዩኝ ጨዋታቸውን አቁመው መንገድ ዳር ይቆማሉ።

ከቀብርሽ በኋላ አዲስ አበባ አልተመለስኩም። የዶክትሬቱ ጠቅላላ ፈተና እስኪደርስ እዚሁ እናትሽ ቤት ላጥና ብዬ መጻሕፍቴን አስመጣሁ። ይህን ፈተና የወደቀ ምርምሩን ሳይጀምር እንደሚሰናበት ታውቂያለሽ፤ ብወድቅ አብረን የደከምንበት ሁሉ ውኃ ሊበላው ነበር። ጠዋት ጠዋት ስለ አፈርና ስለ ሰብል በሽታ አነብባለሁ፤ ከዚያ መጽሐፉን ከድኜ እንደ ድሮው ጮክ ብዬ እለዋለሁ። ያኔ አንቺ ምስር እየለቀምሽ ታዳምጪኝ ነበር። በፈረንጅ ቃል ስወሳሰብብሽ፣ «ይኼ አልገባኝም፣ እንደ ሰው ተናገር» ትይኛለሽ። እናደድ ነበር። እንደገና ላስረዳሽ ስል ግን ለካ ለእኔም አልገባኝም ነበር።

ከሄድሽም በኋላ ልማድ ሆኖብኝ፣ አንቺ በምታቋርጪኝ ቦታ ላይ ቆም እያልኩ «ገባሽ?» እላለሁ። እኔ አላወቅሁትም፤ የሰሙት እናትሽ ናቸው። ከጎረቤታችን ከእትዬ ብርቄ ጋር በአዊኛ መንሾካሾክ አበዙ፤ እኔ እንዳልሰማ የሚፈልጉት ነገር ሲኖር እንደሚያደርጉት። የምትተረጉሚልኝ አንቺ ነበርሽ። አንድ ማለዳ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡና፣ «ልጄ፣ ከሞተ ሰው ጋር ማውራት ደግ አይደለም። ተነስ ጠበል እንሂድ» አሉኝ። ለፈተና እያጠናሁ ነው ብል ማን ይስማኝ? ትምህርት ናላውን አዞረው ተብሎ ሰፈሩ ሁሉ አዝኖልኛል። ሄድኩ፤ በዚያ በጥር ብርድ እየተንቀጠቀጥኩ ተጠመቅኩ። መጽሐፌን በጋቢዬ ሥር ደብቄ መሄዴን ብታዪ በሳቅ ትሞቺ ነበር።

ከጠበል መልስ፣ እሳቸውን እንዳላስጨንቅ ድምፄን አጥፍቼ ማንበብ ጀመርኩ። ቤቱ ጭር አለ። ያነበብኩት ሁሉ ዞር ስል ይጠፋብኛል። መውደቄ ነው ብዬ ፈራሁ፤ ለመምህሬ ደብዳቤ ጽፌ ልተወው ሁሉ አስቤ ነበር። እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው እናትሽ መጥተው በሩ ላይ የቆሙት። «ኧረ ተው ልጄ፣ እንደ ድሮህ ጮክ በል። ስትናገር እኮ ልጄ ጓዳ ያለች ይመስለኝ ነበር። ዝም ስትል ዳግመኛ ቀበርኳት» አሉኝ። የሺዬ፣ ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያን ቀን ጀምሮ አጠገቤ ተቀምጠው ስለ ስንዴ ዋግ ሲያዳምጡኝ ከረሙ። እንዳንቺ አያቋርጡኝም፤ ለሁሉም «እሺ ልጄ» ይላሉ። የሚከብደውን ቦታ ራሴ መፈለግ ነበረብኝ።

ባለፈው ሳምንት አዲስ አበባ ሄጄ ተፈተንኩ። መምህራኑ ፊት ቆሜ ለጠየቁኝ ሁሉ መለስኩ። አለፍኩ። ትናንት በአውቶቡስ ስመለስ፣ የተጋባንባትን ፍኖተ ሰላምን ሳልፍ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ለእናትሽ እንዴት እንደምነግራቸው ጨንቆኝ ነበር፤ በሐዘን ቤት ደስታ ይከብዳል። ገና ከደጃፉ «አለፍኩ» ስላቸው ብድግ አሉ። ጥቁር ሻሻቸውን እንዳሰሩ፣ ሙት ዓመትሽ ሳይደርስ፣ እልል አሉ። ድምፃቸው እስኪዘጋ እልል አሉ። ጎረቤቱ ምን ጉድ መጣ ብሎ ግር ብሎ ደረሰ። እትዬ ብርቄ ደንግጠው አፋቸውን ሊይዟቸው ሲሉ እናትሽ እጃቸውን ገፉት። «ተዉኝ! ይኼ የልጄ እልልታ ነው። እሷ ብትኖር ዝም ትል ነበር?» አሉ። በሩ ላይ ከቆመው ሰው ግማሹ «እንኳን ደስ አላችሁ»፣ ግማሹ «እግዜር ያጥናችሁ» አለን።

የሺዬ፣ ደስታ ቤታችን በገባ ቀን ሁሉ ስምሽ ከኛ በፊት ይጠራል። እናትሽም እኔም በሕይወት እስካለን ድረስ የዚህ ቤት እልልታ ያንቺ ነው።

ባልሽ አንተነህ